አረፋው

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት
የዓረቡን ማንጎ አጠጥተን ገባን። ወገቤ የለም። ደብተሬ፣ ከታችኛው ከንፈሬ ውስጥ ያለው ነጭ ነገር ዛሬም አልለቀቀም። ትምባሆውን የማስቀምጥበት ቦታ ነው። የመኖች የሚሸጡልን ዱቄት ነው፤ ረሃብንም ድካምንም ያስረሳል። አብሮኝ የሚኖረው ሰይድ ተወው እያለ ይቆጣኛል።
ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ገዝቼ ተጉመጠመጥኩ። አፌ አረፋ ሞላ። ሳቄ መጣ። ወሎ ባዮሎጂ ሳስተምር ጥሬ ጉበት ላይ ይህንኑ እያፈሰስኩ ለልጆቹ አሳይ ነበር። የሚያፈላው ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ሰውነትን ከውስጥ ከሚጎዳ መርዝ ከሚጠብቁት አንዱ። የእኔም ዘበኛ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ
ሙዲሩ፣ የእርሻው አለቃ፣ በዕረፍት ቀናችን ጠርቶ አጥር አሠራን። ሞቻለሁ። አረፋው በርትቷል። ለሰይድ አስረዳሁት። ኢንዛይምህን እንጃ፣ አፍህ ግን ይሸታል አለኝ። ተናደድኩ። ትምባሆ ጨመርኩ፤ ኢንዛይሜ ይችለዋል ብዬ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ
ትራሴ ላይ ደም። ሰይድ እየጎተተ አንድ ሱዳናዊ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሳይጠይቅ የሚያይ። ስለ አረፋው በኩራት ነገርኩት። ካታሌዝ ደም ውስጥ ሞልቷል፣ አረፋው የበዛው ቁስሉ ስለተከፈተ ነው አለ። ኢንዛይሞቹ የትምባሆውን መርዝ ሲያመክኑ ኖረው ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸዋል አለኝ። የገዛ ትምህርቴን ሰው አስተማረኝ። አፈርኩ።
ከቁስሉ ትንሽ ተቆርጦ ይመርመር፣ ቶሎ፣ አለ። ለዚያ ግን ኢቃማ ግድ ነው። እኔ የለኝም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 12 ሰዓት
ወሰንኩ። ለፖሊስ እጄን እሰጣለሁ። አስረው ወደ አገር ይመልሱኛል፤ ደሴ ሐኪም አለ። እስር ቤት ስንት ሳምንት እንደሚያቆዩኝ አላውቅም። እፈራለሁ። ቁስሉ እንደማይጠብቀኝ ግን አውቃለሁ።
ለሰይድ ነገርኩት። «ወላሂ አብደሃል! ያን ሁሉ በረሃ አቋርጠን፣ በቃ፣ ኸላስ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ አለቀሰ።
ትምባሆውን ደፋሁት። ሰይድ አልተሰናበተኝም። በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያሰረ ነው። እስከ ፖሊስ ጣቢያው ሊሸኘኝ። እሱም እኮ ኢቃማ የለውም። ልከልክለው እሄዳለሁ።