ከኮረብታው ማዶ ያለው ሜዳ

ድራይ ክሪክ፣ ዩታ
ኤፕሪል 14 ቀን 2009

ለምወድሽ ልጄ ለጆሊን፣

የአላስካው ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ላሞቹም በሰላም ወልደው ጨርሰዋል።

ደብዳቤ ስጽፍ አታውቂኝም፤ ስለዚህ ሳላመነታ ልናገረው። ያን ጊዜ ለመንግሥት የዱር ወፎቹን፣ የአሪቲ ዶሮዎቹን፣ ስትቆጥሪ "በእኛ መሬት የሉም" ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። ከደቡቡ ኮረብታ ማዶ፣ በረዶው ሲሳሳ አውራዎቹ ደረታቸውን ነፍተው የሚጨፍሩበትን ሜዳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንቺን ግን በመኪናዬ ጭኜ ወደ ሰሜን ወሰድኩሽ፤ ሁለት ጸደይ ሙሉ ባዶ ሜዳ ላይ ብርድ አስመታሁሽ። ወፎቹ ከተገኙ ግጦሹን ይከለክሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

ባለፈው ወር፣ ሜዳው ዳር ባጠርኩት ሽቦ ሥር ሦስት አውራዎች አንገታቸው ተሰብሮ አገኘሁ። ጎህ ሳይቀድ ዝቅ ብለው ሲበሩ ሽቦው አይታያቸውም። ወፎቹን የሚንከባከበው የሸለቆው ማኅበር፣ እንዲታያቸው ሽቦ ላይ የሚንጠለጠል ነጭ ምልክት ለጠየቀ ሁሉ ያድላል፤ እኔ ግን ምን ብዬ ልጠይቅ? አፌን ራሴ ለጉሜዋለሁ።

ሐሙስ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሣሁና ቦታውን ካርታው ላይ አሳየኋቸው። ማንም አልደነገጠም። ጎረቤታችን ዴልማር፣ "ቨርል፣ አንተ ብቻ የምታውቀው መስሎህ ነው?" አለኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አፍሬ ሳቅሁ።

ስንወጣ ግን ዴልማር ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። "አንተው ራስህ ስለተናገርክ፣ ከእንግዲህ ለጆሊን የገባሁት ቃል አያስረኝም" አለ። በሁለተኛው ጸደይ የጠፋች ጥጃ ሲፈልግ፣ እዚያው ሜዳ ዳር አሪቲው ውስጥ ተቀምጠሽ አውራዎቹን ስትቆጥሪ አግኝቶሽ ኖሯል።

"ለአባቴ እንዳትነግረው፤ እንደማውቅ ካወቀ ዓይኔን ቀና ብሎ ማየት ያቅተዋል" አልሽው አለኝ።

ከዚያ ለመንግሥት በምታቀርቢው የቆጠራ ወረቀት ላይ "የለም" ብለሽ ጻፍሽ። እንቁላል ሰብራ እንኳ መዋሸት የማትችል ልጅ፣ ለእኔ ስትል ዋሸች። ሥራሽንም ትተሽ ሄድሽ። እኔ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥላኝ የሄደች ጨካኝ ናት እያልኩ ሳማሽ ኖርኩ። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።

ዛሬ ከዴልማር ጋር ምልክቱን ሰቅለን ጨረስን። ማኅበሩ የሜዳው ቆጣሪ ማን ይሁን ሲለኝ የአንቺን ስም ሰጠሁ። ትመጪ እንደሆነ ክፍልሽ እንደነበረ ነው። ባትመጪም አልቀየምሽም፤ አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ያን ቀን፣ "የለም" ብለሽ የጻፍሽ ቀን፣ አውራዎቹ ስንት ነበሩ?

በሄድሽበት ሁሉ ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም።

የሚወድሽ አባትሽ፣
ቨርል