የማን እጅ ነው?

ጥቅምት 4

ፀሐይ ወጥታለች። የግቢው ጭቃ ደረቅ ብሏል። ማሪቱ ከጠዋት ጀምራ ብየዳ ላይ ናት። ከምናለሽ ተራ ያመጣነውን ቁርጥራጭ ብረት መሬት ላይ ዘርግታ ስታገላብጥ ቆየች። የተሰበረ ባሌስትራ፣ የተበላ የካምቢዮ ጥርስ፣ የሞተር ሳይክል ካቴና... ለኔ ቆሻሻ ነው የሚታየኝ። ለሚስቴ ወንበር ይታያታል።

የኔ ሥራስ? መጫን፣ ማውረድ፣ ስልክ ማንሳት። ሰበታ የነበርኩበት ፋብሪካ ሠራተኛ ቀንሶ ከሒሳብ ክፍል ካስወጣኝ ወዲህ ይኸው ነው።

አንድ ሰውዬ መጥቶ "ባለሙያው የለም እንዴ?" አለኝ። ቱታ ለብሳ አጎንብሳ የምትበይደውን ሴት እያየ ነው የሚጠይቀኝ። "እሷ ናት" ማለት ምን ይከብዳል? "ቆይ ልጥራልህ" ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ጓሮ ማንም የለም። ምን ፍለጋ ሄድኩ? ስመለስ ማሪቱ ማስኳን ወደ ላይ ገልብጣ ከሰውዬው ጋር ስለ ልኩ እየተነጋገረች ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ "ቱታሽን ቀይረሽ ለምን አትወጪም?" አልኳት።

"ምን ሆነ?"

"ምንም።"

ጥቅምት 9

ጋሼ ገብረየስ ከደሴ ደወሉ። ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ሆነው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

"ሥራ አገኘህ ወይ ወንዲ?"

"የብረት ወርክሾፕ ከፍቻለሁ ጋሼ። እዚሁ ቡራዩ።"

ከፍቻለሁ! "ከፍተናል" እንኳን አላልኩም። እንዴት ደስ አላቸው... "ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ፣ ሥራህን በዓይኔ አየዋለሁ" አሉ።

ማሪቱ ምሳ እያቀረበች ነበር። ሰምታ ይሆን? ፊቷ ላይ ምንም የለም።

ጥቅምት 15

ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ወይዘሮ ራቢአ የሚባሉ ሴት ከሱሉልታ መጡ። ካፌ ሊከፍቱ ነው። ማሪቱ ከለቅሶ መመለሷ ስለነበር ቱታ አልለበሰችም፤ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች አጠገቤ ቆማለች። ሴትዮዋ ከፍሪሲዮን ዲስክ የተሠራውን ወንበር ዞረው ዞረው አዩት። ገለበጡት። መደገፊያው ካቴና ነው፤ ዝገት የለ፣ ሹል የለ፣ ብየዳው የት ጋ እንዳለ አይለይም።

"ማሻአላህ! የማን እጅ ነው?"

"የኔ" አልኩ።

እንዴት ወጣ? አላሰብኩበትም። ወይስ ከድሮም አስቤው ነበር?

"ባለቤትህ ናት?" አሉ ወደ ማሪቱ እያዩ። "ታድለሻል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ማሪቱ። ከዚያ ለእንግዳዋ ውሃ ልታመጣ ገባች።

አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

ጥቅምት 16

"ሴት ሠራችው ቢባል ሥራውን አያምኑትም ብዬ እኮ ነው" አልኳት።

"ሴትዮዋ ራሳቸው ሴት ናቸው" አለች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 27

ወይዘሮ ራቢአ ያዘዙት የሱሉልታው ሥራ እየተገባደደ ነው። ወንበሮቹ አልቀዋል፤ ረጅሙ ጠረጴዛ ቀርቷል።

ማሪቱ አንድ ነገር ጀምራለች። ሰው በበሩ ሲገባ ብየዳውን ታቆማለች፤ ማስኩን አውልቃ ትሰጠኛለች። "እንካ፣ ሰው መጣ።" አሽሙር መሆኑን ለማወቅ ዓይኗን አያለሁ... አይደለም። ቁጣም የለውም። የምፈልገው ይህ መስሏት ነው። ማስኩ ከፊቷ ገና መውረዱ ስለሆነ ይሞቃል። ይዤው እቆማለሁ።

ዛሬ እንዲህ ቆሜ ኦቦ ነገሳ ደረሱብኝ። የግቢው ባለቤት ናቸው፤ ማን እንደሚበይድ ማንም አይነግራቸውም፣ በየቀኑ ያዩታል። "አካም ቡልቴ፣ ማሪቱ!" ብለው እሷን ሰላም አሏት። እኔን አዩ። ማስኩን አዩ። አለፉ።

ዝም ብለው ባያልፉ ኖሮ... ምን እላቸው ነበር?

ኅዳር 13

ከየት ልጀምር?

ጋሼ ትናንት መጡ። ዛሬ ዕቃውን ሱሉልታ የምናደርስበት ቀን ነበር፤ "ሥራህን ሳላይ አልመለስም" አሉ። ማሪቱን ደግሞ ቀሚስ እንድትለብስ ነገርኳት። ለበሰች። የአይሱዙው ጋቢና ለሹፌሩ፣ ለጋሼና ለኔ ሆነ። ማሪቱ ከኋላ ከብረቱ ጋር ተጫነች። "ግድ የለም፣ ዕቃው እንዳይጋጭ እጠብቃለሁ" አለች። መንገዱን ሙሉ በስፖኪዮው ነጠላዋ ሲውለበለብ ይታየኝ ነበር። ጋሼ ስለ ሥራዬ ይጠይቁኛል። እመልሳለሁ።

ካፌው በር ላይ ስናወርድ የረጅሙ ጠረጴዛ እግር ከደረጃው ጋር ተላትሞ ተላቀቀ። ወይዘሮ ራቢአ አልደነገጡም። "እዚህ ጎን ሕንፃ እየተሠራ ነው። የብየዳ ማሽን ላስመጣልህ፣ እዚሁ በይደው።"

ማሽኑ ከነማስኩ መጣ። ሁሉም እኔን ያያሉ። ጋሼ ከወንበሮቹ አንዱን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። ሊያዩኝ!

ስንት ጊዜ ስትሠራ አይቻታለሁ፤ ቀላል ነበር የሚመስለው። ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ አስነካሁት፤ ተለጠፈ። ታግዬ አላቀቅኩት። ደገምኩ፤ ተለጠፈ። በማስኩ ውስጥ ጨለማ ነው፣ ምንም አይታየኝም፤ ገልብጬው በባዶ ዓይኔ ሞከርኩ። ብልጭ አለ። እግሩን እበይዳለሁ ብዬ ብረቱን በሳሁት። ማሽኑን ያመጣው ሠራተኛ ሳቀ።

ማሪቱ መጣች። ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች። ማስኩን ከእጄ ወሰደች።

"እጁን አሞት ነው የሰነበተው" አለቻቸው። "እኔም ከሱ ትንሽ ለምጃለሁ።"

ከሱ! ከኔ!

ቀሚሷን ሰብስባ ተንበርክካ በየደችው። የበሳሁትን ደፈነች። እግሩን ቀጥ አድርጋ አቆመችው።

"እንዴት አድርገህ አስተምረሃታል ጃል!" አሉ ጋሼ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ዝም አልኩ።

ኅዳር 14

ዓይኔ አሸዋ የሞላው ይመስላል። ያነባል። ይህን የምጽፈው ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቀለል ሲለኝ ነው።

ማሪቱ ድንች በስሱ ቆርጣ ዓይኔ ላይ አደረገችልኝ። "የብየዳ ብርሃን ነው፣ ያልፋል። ስማር እኔም ደርሶብኛል።"

"ለምን እንደዚያ አልሽላቸው?"

"ምን ልበል ታዲያ? ወንድምህ ፊት እንዲያ ሆነህ..." ድንቹን ቀየረችልኝ። "ባሌ እኮ ነህ። አንተ ስትዋረድ አብሬህ ነው የማፍረው።"

ድንቹ ዓይኔ ላይ መሆኑ በጀኝ። ማልቀሴ አልታወቀም። ወይስ ታውቋታል?

ኅዳር 16

ብቻዬን ሱሉልታ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ የምናገረውን ስደጋግም ሄድኩና ስደርስ ሁሉም ጠፋኝ። ወይዘሮ ራቢአ መጋረጃ እያሰቀሉ ነበር።

"ወንበሮቹን የሠራችው ማሪቱ ናት። ጠረጴዛውንም። እኔ ብየዳ አልችልም።"

"በግራ በኩል ከፍ አድርገው" አሉት መጋረጃውን የሚሰቅለውን ልጅ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ብረቱን ስትበሳው ገብቶኛል። እኔ የገዛሁት ወንበር ነው፣ ወንበሩ ደግሞ ጥሩ ነው። ወንድምህ ተመለሱ?"

"ነገ ነው የሚሄዱት።"

"ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?"

ኅዳር 17

ጋሼ ሻንጣቸውን እየዘጉ ነበር። ማሪቱን ጠራኋት። እሷ ባለችበት መሆን ነበረበት።

"ጋሼ፣ ወርክሾፑ የማሪቱ ነው። የከፈተችውም፣ የምትሠራውም እሷ ናት። እጄንም አላመመኝም። ዋሽቼዎታለሁ።"

እጃቸው ዚፑ ላይ ቀረ።

"አንተስ? አንተ ምን ትሠራለህ?"

"እጭናለሁ። አወርዳለሁ።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እኔን ትተው እሷን አዩ። "አንቺን እኮ ከብረት ጋር ጭነን..." አሉና ሳይጨርሱ ተዉት። በሩ ላይ ግንባሯን ሳሟት፣ ደግመው ሳሟት። እኔን ጨበጡኝ። መጨበጥ ብቻ።

ጋሼ ጨብጠውኝ አያውቁም።

ኅዳር 26

ጋሼ አልደወሉም። እኔ ደወልኩ። ደኅና ነን፣ እናንተስ፣ ደኅና... አለቀ። ከዚያ "ማሪቱን አገናኘኝ" አሉ። ከሷ ጋር ብዙ አወሩ። ስትስቅ ሰማሁ።

ኅዳር 28

"ብየዳ አስተምሪኝ" አልኳት።

"ቆይ። መጀመሪያ ብረት ልመድ" አለች።

ጥር 6

ከጻፍኩ ቆየሁ። ማታ ማታ ጣቴ እስክሪብቶ መያዝ እምቢ እያለ ነው።

ማሪቱ የሠራችውን የምጨርሰው እኔ ነኝ። በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ማስለቀቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ዝገት የሚከላከለውን አንቲረስት መቀባት፣ በላዩ ቀለም። የመጀመሪያዎቹን ሁሉ አስደገመችኝ። አንዱን ወንበር እስኪሰለቸኝ... አሁን የምታስደግመኝ እየቀነሰ ነው። ስታመሰግነኝ ግን አልሰማሁም።

ዛሬ ሰበታ ውላ መጣች። ለአንድ ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበሮች ታዘዋል፤ ዋጋውንም ልኩንም ባለፈው ሳምንት ራሷ ተነጋግራለች። እኔ የመጀመሪያውን አግዳሚ ቀለም ልቀባ ተዘጋጅቼ ጠበቅኳት። ከላይ እንደ መስታወት አድርጌዋለሁ። ትንሽ ኮራ ብዬም ነበር መሰለኝ።

ቁጢጥ ብላ ከሥሩ ዳሰሰችው።

"ሥሩን አልነካኸውም።"

"ሥሩን ማን ያየዋል?"

"ልጆቹ ናቸዋ" አለች። "ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ነው እኮ። ሁሉንም በእጃቸው ነው የሚያዩት።"

አልተቆጣችም። እኔ ግን አፈርኩ... እንደ በፊቱ አይደለም። የበፊቱ ዝም ያሰኘኝ ነበር።

"ልክ ነሽ፣ ልድገመው" አልኩ።

አግዳሚውን ገለበጥነው። ብርጭቆ ወረቀት ለሁለት ቀድዳ ግማሹን ሰጠችኝና በወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠች። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ሄድኩበት።

እውነቷን ነው። ይሻክራል።