ስለ ቅዳሜው ደረቅ ሰማይና ስለ እድራችን ድንኳን

ለክቡር አቶ ኃይለሚካኤል፣
በከተማችን ሬዲዮ የሳምንቱን የአየር ትንበያ ለሚያሰሙን ባለሙያ
ሀዋሳ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉንፋን እንዳልያዘዎት ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኛን ከነቤተሰባችን ይዞናል። ይህን የምጽፍልዎ እኔ፣ እርስዎም አባል የሆኑበት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ፣ ባለፈው የመጋቢት ሳምንት ለዋሉልን ውለታ በአደባባይ ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ ሰኞ ማለዳ ሳምንቱ በአመዛኙ ደረቅ፣ ቅዳሜም ፀሐያማ እንደሚሆን ስላበሰሩን እግዚአብሔር ይስጥልን። ማክሰኞ ሲዘንብ፣ ረቡዕ ሲያባራ፣ ሐሙስ ነፋሱ ከሐይቁ ተነስቶ የመሃል ከተማን የሱቅ ሸራ ሁሉ ሲገነጣጥል፣ እርስዎ በዚያው ለስላሳ ድምፅዎ ያንኑ ደገሙልን። በመስኮት ብቅ ብሎ ማየት የሚያህል ድካም በእርስዎ ላይ እንዲደርስ ማንም አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ እድራችን ያለው ድንኳን አንድ ነው፤ ደንባችንም ለቅሶ ከሠርግ ይቀድማል ይላል። አርብ ዕለት ዓሣ አጥማጁ አቶ ዮሐንስ አረፉ። ድንኳኑ ግን ለቅዳሜው የሰፈራችን ልጅ የሳምሪ ሠርግ ተተክሎ፣ በአበባ አጊጦ ነበር። የሟቹ ባለቤት እትዬ ወርቄ ድንኳኑን ሲጠይቁኝ፣ እኔ ሞኙ የእርስዎን ቃል አምኜ ደንቡን ጣስሁና፣ ነገ ፀሐይ ስለሆነ አግዳሚ ወንበሩ ይበቃል አልኋቸው። ቅዳሜ ከቀብር መልስ ዝናቡ ወረደ። እትዬ ወርቄ ከለቅሶው አልነሳም ብለው፣ የባላቸውን ፎቶ በነጠላቸው ሸፍነው ሲበሰብሱ ቆሜ አየሁ። አቶ ዮሐንስ ቢኖሩ ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል ሆነው ሐይቁን አንዴ አይተው ይነግሩን ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አልተመቻቸውም።

ሦስተኛ፣ ሊያስተዛዝኑ ሲመጡ፣ ገና አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ በብብትዎ ይዘው ነበር። ለከተማው የነፈጉትን እውነት ለራስዎ አልነፈጉም። ዝናቡ ሲጀምር ዘረጉት፤ ከእትዬ ወርቄ ሁለት እርምጃ ርቀው ብቻዎን ደርቀው ቆሙ። እንዲህ ያለ የሙያ ብቃት እንዳለዎት ሳናውቅ ስላማንዎ ይቅርታ እንጠይቃለን።

እኔ ጥፋቴን አምኜ እትዬ ወርቄ እግር ላይ ወድቄያለሁ። «ልጄ፣ አንተማ ሰው አምነህ ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እርስዎ በደረሱበት ሁሉ ደረቅ መሬት እንዳይጠፋዎት የሚመኝልዎ፣ በትንበያዎ የበሰበሰው አክባሪዎ፣

ታምሩ ላሊሶ
የእድሩ ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ እድራችን እሑድ ተሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ድንኳኑ ሰማዩ ምንም ይሁን ምን በቅድሚያ ለቅሶ ቤት እንዲሄድ ወስኗል። ከዚህ ውሳኔ ውጭ የሆነው የእርስዎ ቤት ብቻ ነው። ቀንዎ ሲደርስ የመጨረሻ ትንበያዎን አፈላልገን እንሰማለን፤ ደረቅ ነው ብለው ከነበረም ቃልዎን አክብረን ድንኳኑን እናስቀራለን።