ወንበራቸውን ይዘው የመጡት ሰፊዎች

እህት ዓለም፣

ካርዱ ጠባብ ነው፣ የኔን ወሬ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ፎቶው ላይ የምታዪው የድሮ ልብስ ስፌት ቤት ነው። የሰፈሩ ሰዎች አናስፈርስም ብለው ማንበቢያ ሊያደርጉት ነው፤ እኔም አዋቂ ተብዬ ፕላን ላወጣ መጥቻለሁ። ጠረጴዛዎቹን በሙሉ ትልቁ መስኮት ሥር ደርድሬያቸው ነበር።

ትናንት እዚህ ሲሰፉ ያረጁትን ስድስት ሴቶች ጠርቼ ፕላኔን ማስረዳት ጀመርኩ። ለካ ለቀባሪው እያረዳሁ ነው። ከየቤታቸው ወንበር ተሸክመው መጥተው ኖሮ፣ ትልቁን መስኮት አልፈው በጓሮ በኩል ባሉት ትናንሽ መስኮቶች ሥር፣ በየድሮ ቦታቸው ቁጭ አሉ። «እዚያ'ኮ ጨለም ይላል» ብላቸው አንዷ ሳቀችብኝ። «ልጄ፣ ዕድሜ ልካችንን መርፌ ውስጥ ክር ያስገባነው እዚህ ነው። እስኪ ከሰዓት በኋላ እዚያ ትልቁ መስኮት ሥር ቁጭ ብለሽ አንብቢ» አለች። ተቀመጥኩ። ፀሐዩ የገዛ ፕላኔን እንኳ አላስነብብ አለኝ። ጠረጴዛዎቹን እነሱ በተቀመጡበት ቦታ ሳልኳቸው።

እኛ ጋ ቢሆን ለሽማግሌ ወንበር እናቀርባለን እንጂ ማን ምክር ይጠይቃል? አንቺም የአባባን የእንጨት ሥራ ቤት «ለምንም አይሆንም» ብለሽ ልታፈርሺው ነው። እባክሽ እስክመጣ ታገሺኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አባባን ግን በርጩማቸውን አስይዘሽ ወደ ሥራ ቤታቸው አስገቢያቸው፤ ቁጭ ያሉበትን በጠመኔ ክበቢልኝ። ከዚያ እንጀምራለን።

ወሬኛሽ