ለጋሪ ፍሬን የተጻፈ ማመልከቻ

ዳንግላ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፦

ጤናሽ እንዴት ሰንብቷል? የአዲስ አበባ ክረምት ሳል አላስያዘሽም? ሊፍቱ የተበላሸው ቢሮሽስ አሁንም አምስት ፎቅ በእግርሽ ያስወጣሻል? እኔ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ አለሁ። ወገቤ ከዝናቡ ጋር ቀጠሮ ያለው ይመስል ሐምሌ በገባ ቁጥር ይነሣብኛል፤ ከዚህ በቀር አካሌ ደህና ነው። ሚስቴ ውብአየሁም ደህና ናት፤ በየቀኑ ትቆጣኛለች፣ ጤንነቷን የማውቀውም በዚሁ ነው። እናትሽ ሰላም ትልሻለች። ሰሞኑን እኛ ቤት ናት። ስልኳ የማይነሣው ተሰብሮ ነው። ይህንን ማክሰኞ ዕለት ስነግርሽ «ጋሼ፣ ድምፅዎ ልክ አይደለም፤ ምን ሆነዋል?» ብለሽ ስትይዢኝ ኔትወርኩ ተቆራረጠ አልኩሽ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ መጻፍ መረጥኩ። ወረቀት ላይ ድምፅ ስለሌለ ልትይዢኝ አትችይም። ፖስታው ውስጥ እስከ ሐሙስ ተፈርሞ ይድረሰኝ ያልሽውን የማረጋገጫ ወረቀት ታገኛለሽ። አልፈረምኩበትም። ምክንያቱን እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ትንሽ ላስቅሽ፤ ወደ በኋላ ገደማ የምንስቅ አይመስለኝም።

ለፋሲካ የመጣሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ብየዳ ቤቴ ገብተሽ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብረት አነሣሽና ምንነቱን ጠየቅሽኝ። ቁልቁለት ላይ ጋሪው ፈረሱን ሲገፋው ፈረሱ ወደ ኋላ እንደሚደገፍ፣ ሲደገፍ ከበስተኋላው የሚያልፈው ጠፍር እንደሚወጠር፣ ጠፍሩ ብረቱን እንደሚስብ፣ ብረቱ ደግሞ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይዞ ሄዶ የጋሪው ጎማ ላይ እንደሚጫን አሳየሁሽ። ፈረሱ ራሱ ፍሬን ይይዛል ማለት ነው። ዓይንሽ በራ። «ጋሼ፣ ይህ እኮ የፈጠራ መብት፣ ፓተንት ይወጣለታል» አልሽ። መቼ እንደሠራሁት ስትጠይቂኝ ደረቴን ነፍቼ ገና ከእሳቱ መውጣቱ ነው አልኩሽ።

ያ ብረት ግን ድሮ ሠርቼ የሰጠሁት የይኸነው ነበር። ይኸነው የባለጋሪዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሲሠራበት ቆይቶ ጎማው ስላለቀበት ለጥገና ነው ያመጣልኝ። በዚያን ጊዜ ከመናኸሪያው እስከ ወንዙ ድልድይ የሚመላለሱ ጋሪዎች ሁሉ ታጥቀውት ነበር፤ ባለጋሪዎቹ ቆንጣጭ ይሉታል። አንቺ አዲስ አበባ ከገባሽ ወዲህ ከባጃጅ በታች አትወርጂም። አንድ ቀን ብቻ ጋሪ ላይ ብትወጪ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። ላሾፍብሽ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ብዬ ነው።

ከዚያ የወረቀቱ ጉድ መጣ። ዝርዝር መግለጫ ይጻፉ አልሽኝ፣ ጻፍኩ። ሌላ ብረት ሠሪ አንብቦት ብቻውን ሊሠራው በሚችል መንገድ ይጻፉት ብለሽ መለስሽልኝ። ለሌላ ብረት ሠሪ ለምን አስተምራለሁ ብዬ ተከራከርኩ፤ ሕጉ እንዲህ ነው፣ ምሥጢሩን ካልሰጡ መብቱን አያገኙም አልሽኝ። መብት የምጠይቅበትን ወሰን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱ ተባልኩ፤ ያ ዓረፍተ ነገር ከሚስቴ ቁጣ ረዘመ። ሥዕሉ በጥቁር ቀለም ይሁን ስትዪኝ ደግሞ በጥቁር ቀለም አበረን ከነጋሪው ሣልኩት። አበረ የሚባለው ጢማሙ ባለጋሪ ነው። ዳማ ፈረሱንም አሳምሬ ከነሽፋሽፍቱ ሣልኩለት። ሥዕሉን ስትመልሺልኝ ከጎኑ በቀይ ምን ብለሽ ጻፍሽ? «ጋሼ፣ ፈረሱን ያውጡት፤ ፈረሱን እርስዎ አልፈጠሩትም። ሰውዬውንም ከነጢሙ ያውጡት።» ይህን ባለጋሪዎቹ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩ። አበረ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመንግሥት ወረቀት የተባረረ ጢም ተብሎ ቀረ።

በመጨረሻ ይህ ወረቀት መጣ። መብቱን ሊገዛ የፈለገው ሰውዬ ካልተፈረመ አልዋዋልም ብሏል አልሽኝ። ፈጠራው ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ከአንድ ዓመት በላይ ለሕዝብ ያልታየና በሥራ ላይ ያልዋለ መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። በስልክ ስታነቢልኝ ወሬውን ወደ ሊፍትሽ ላዞር ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ሰው አይቶታል እንዴ?» አልሽኝ። ማን ያየዋል አልኩሽ። አጠገቤ ይኸነው ቆሞ ፈረሱን ውኃ ያጠጣ ነበር፤ ጋሪው ላይ ያለውን ቆንጣጭ አየሁትና አቀማመጡ ያስቀኝ ጀመር። እውነቱን ብነግርሽ ነገሩ ያን ቀን ያልቅ ነበር።

ገዢው ሰው ልኮ አካባቢውን ሊያስመለክት ነው ስትዪኝ ባለጋሪዎቹን ሰበሰብኩ። ሰውዬው መጥቶ እስኪሄድ ቆንጣጩን ፍቱልኝ፤ ለማንም አትንገሩ፣ ቤታችሁም ቢሆን፣ ሴቶች ካወቁ ገበያው ያውቃል አልኳቸው። ቃል አስገባኋቸው። ከመብቱ ሁሉም ተጠቃሚ እንደሚሆን ነገርኳቸው፤ ከልቤም ነበር። አበረ ብቻ እምቢ አለ። «ጋሼ፣ ቁልቁለቱ ማመልከቻ አያነብም» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ልንገርሽ፤ ጢምህን ከሥዕሉ ሲያወጡት ወኔህም አብሮ ወጣ እንዴ አልኩት። ሁሉም ሳቁ። በመጨረሻ እርሱም ሳቀና የብሎን መፍቻ ቁልፉን አንሥቶ ቆንጣጩን ፈታው። ባይስቅ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

የተላከው ሰው ጨዋ ልጅ ነው። ጋሪ ላይ ወጥቶ ከተማውን ዞረ፣ ፎቶ አነሣ። ይህን ቁልቁለት እንዴት ነው የምትወርዱት ብሎ ሲጠይቅ ይኸነው በጸሎት ነው አለው። የአንዱ ጋሪ ጎማ ላይ የቆንጣጩ ፍትጊያ ያወጣው ጭረት ነበር፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ይህ ምንድን ነው አለኝ። ድንጋይ ነው አልኩትና እግሬን ጎማው ፊት አቆምኩ። ልጁ አመነኝ። ማታ በሚኒባስ ሲሄድ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።

በነጋታው ቆንጣጩን ልመልስ ቁልፌን ይዤ ወጥቼ ነበር። አንቺ ደወልሽ። «ሰውዬው ደስ ብሎታል፤ እስኪፈረም ድረስ ግን ለማንም እንዳያሳዩ» አልሽኝ። አንቺ ያልሽው ብየዳ ቤቴ ውስጥ ስላለ አንድ ብረት ነበር፤ ጥፋት የለብሽም። እኔ ግን ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ቆንጣጮቹ ጆንያ ተሸፍነው ጥግ ላይ ተከምረው ቀሩ።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ አለብሽ። ድሮ ተሳፋሪው ሁሉ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ይወርድ ነበር። ሰው በእግሩ ይወርዳል፣ ባለጋሪው ከኋላ በገመድ ይጎትታል፣ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ እንደገና ይሳፈራሉ። ቆንጣጩ ከመጣ ወዲህ መውረድ ቀረ። መጀመሪያ የተዉት አሮጊቶቹ ናቸው፤ የዳንግላን አሮጊቶች ጉልበት ያዳንኩ ሰው ነኝ እያልኩ ስንት ቀን ተኩራርቻለሁ።

በገበያው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይዘንብ ነበር። እኔ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተጠልያለሁ። ባለጋሪዎቹ እዚያ ሲደርሱ ሰዉን ውረዱ ይላሉ፤ ሰዉ ለጭቃው መስሎት እያጉረመረመ ይወርዳል። የአበረ ጋሪ መጣ። ላዩ ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አዲስ ጃንጥላ ገዝታ ሳትከፍተው ጉልበቷ ላይ አስተኝታዋለች። አበረ «እትዬ፣ እዚህ ጋ ይውረዱ» አላት። ቆንጣጩ የለም እንዴ አለችው። ቃል ገብቷልና ጭቃ ነው አላት። እርሷም «ይህን የሠራውን ሰው ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ ውሸቱ ብዙ ነው፣ ብረቱ ግን አይዋሽም። አልወርድም» አለች።

አበረ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ ፀጉረ ልውጥ ሰው ቆሞ በስልኩ ዝናቡን ይቀርጽ ነበር። ሌላ ሰላይ መሰለኝ። አፌን አልከፈትኩም። በእጄ ብቻ፣ ቀስ እያልክ ሂድ አልኩት።

ዳማው ብልህ ፈረስ ነበር። ጋሪው ሲገፋው እንደለመደው ወደ ኋላ ተደገፈና ቆንጣጩ እስኪይዝለት ጠበቀ። እርሱንም ማንም አልነገረውም። ጋሪው ሲጫነው ሊሮጥ ሞከረ፤ መታጠፊያው ላይ የፊት እግሩ ከዳው። ጋሪው ተገለበጠ። ስሮጥ ወድቄ፣ ተነሥቼ፣ ስደርስ አበረ ጋሪውን በትከሻው ደግፎ ይዞታል። ሴትዮዋ ከሥር ናት። ስልኳ ደቅቋል። ጃንጥላው አልተሰበረም።

ሆስፒታል ባለጋሪዎቹ ተሸክመው አደረሷት። የቀኝ ክንዷ ተሰብሯል፤ በጀሶ ታሽጓል። ሐኪሙ ለሕይወቷ አያሰጋትም፣ ጣቶቿ ግን ገና አልነቁምና እንጠብቅ ብሏል። እየጠበቅን ነው። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ብረቱ ተሰብሮ እንደሆነ ነው። አልተሰበረም አልኳት። የት እንደነበረም ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዳማውን መንገዱ ዳር ቀበሩት።

በነጋታው ብየዳ ቤቴን ስከፍት አበረ በር ላይ ቆሟል። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። ጆንያውን ገልጦ የራሱን ቆንጣጭ ከክምሩ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ይኸነው ጋሪ ላይ ይግጠሙት፤ እርሱ ዛሬ ሰው ይጭናል» አለኝ። ሊወጣ ሲል ያንን ሽፋሽፍት ያለውን ሥዕል እንድሰጠው ጠየቀኝ። ምን ሊያደርግልህ አልኩት። ዳማው ሌላ ፎቶ የለውም አለኝ። ሰጠሁት፤ በቀይ የጻፍሽውን ግን መጀመሪያ ቆርጬ አስቀረሁት።

እስከ ቀትር ሁሉንም ገጠምን፤ መናኸሪያው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ሁሉ ዓይን። ፎቶ ያነሣም ነበር፤ ያንሣ። አዲስ አይደለም የሚል ሰው ከመጣ ትክክል ነህ እለዋለሁ። ይህንን ወረቀት ብፈርም ደግሞ መብቱ እስኪወጣ ድረስ አንድም ጋሪ ቆንጣጭ ሊታጠቅ አይችልም፤ ሰው ጭቃ መስሎት ሲጉረመርም፣ ፈረስ ወደ ኋላ ተደግፎ ሲጠብቅ ሊከርም ነው። እጄ እምቢ አለኝ።

ማመልከቻው ግርጌ ያንቺ ስም እንዳለ አውቃለሁ። የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ለአለቃሽ አጎቴ ዋሸኝ በይው፤ እውነት ነው። ካላመነሽ ይህንን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት። ብትቆጪም ቆጣ በይ፤ ሁለት ሳምንት አልደውልልሽም፣ እስከዚያ ስድብሽን አዘጋጂ። የብየዳ ማሽኔን ለሽያጭ አውጥቻለሁ፤ አበረ ፈረስ ሳይኖረው እኔ ብረት አላቀልጥም።

እናትሽ አሁን አጠገቤ ተቀምጣለች። ውብአየሁ ፀጉሯን እያበጠረችላት ነው። ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ውሸቱ ብዙ ነው የሚለው ቦታ ስደርስ ብቻ አስቆመችኝና፣ በጣም ብዙ ብለህ ጻፍ አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው ካዞረች ወዲህ ያናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

ስትመጪ ከመናኸሪያው በጋሪ ነይ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርሺ መቀመጥም መውረድም ያንቺ ፈቃድ ነው፤ ብትወርጂ እኔ ከጎንሽ በእግሬ እሄዳለሁ። አምላክ ደጅሽን ያስፋልሽ፣ አለቃሽን ያለዝብልሽ፣ ያንን ሊፍት ያሠራልሽ። ወጥተሽ በሰላም ግቢ።

ከታች ያለውን ጽሑፍ ስታዪ አትደንግጪ። እኔ ልጻፍልሽ ብላት እምቢ አለች። በግራዋ ነው የጻፈችው።

ውሸቱ በጣም ብዙ የሆነው
አጎትሽ

እ ና ት ሽ