ጋቢ የለበሰው ብስክሌት

ወይንሸት እህቴ፣

ለወንድምሽ ለአለነ የላክሽው ብስክሌት በሰላም ላሊበላ ገባ። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ የመጣሁት በዚያችው በትንሿ መኪናዬ ነው። አቧራ እንዳይነካው ከኋላ አጋድሜ የራሴን ጋቢ አለበስኩት።

ገነተ ማርያም አጠገብ ዳገቱ መኪናዋን አቃታት። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች በሽተኛ የጫንኩ መስሏቸው፣ ቃሬዛ እንደሚያግዙ ሁሉ "እግዜር ይማረው" እያሉ ይገፉልኝ ጀመር። እኛ ሰፈር ቢሆን ጥሩምባ ነበር የሚነፋብኝ! አፍሬ ጋቢውን ገለጥኩት። አንድ ሽማግሌ ብስክሌቱን አይተው "የማነው?" አሉኝ።

"እህት ለወንድሟ የላከችው ነው።"

"እንግዲያ ሰው ነዋ የጫንከው! በሉ ግፉ!"

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ፤ እማማን ሳሚልኝ። አለነ ጋቢውም ከአንቺ የተላከ መስሎት ለብሶታል። እኔም ተውኩለት።

ያንቺው ደሞዝ