የማለዳው ግማሽ ሰዓትሽ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12 ቀን፣ ከሥራ በፊት

ለልጄ እናት፣ ለቤቴ ምሰሶ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችንስ ጠናችልሽ? ሕፃኗ ጥርስ ማውጣቷን ከወንድምሽ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል፤ ከሌላ ሰው አፍ መስማቴ ግን ትንሽ ቅር አሰኝቶኛል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይነጫነጫል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ወርክሾፑም ሥራ አላጣም፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ሃምሳ ዴስክ ይዣለሁ። «ለአንድ ወር ነው» ብለሽ ልጃችንን ልታርሺ ከሄድሽ ይኸው ሰባተኛው ወር ተያዘ። አራስ ቤት ሥራ እንደማያልቅ አውቃለሁ፤ መጠየቄም አይደለም።

ዛሬ የምጽፍልሽ በስልክ ልነግርሽ እየሞከርኩ ምላሴ የተሳሰረብኝን ነገር ነው። መጽሐፍ ቅዱስሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ቀድመሽ ትነሺ ነበር። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ትዪና አንዲት ጥቅስ ታነቢያለሽ። ከዚያ መጽሐፉን ከድነሽ፣ ዐይንሽን ጨፍነሽ፣ ግማሽ ሰዓት ያቺኑ ታሰላስያለሽ። አንዳንዴ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ ደግሞ ፈገግ ትያለሽ፤ እኔን ያሳረረችኝ ያቺ ፈገግታ ናት። ስንት ቀልድ ነግሬሽ እንደዚያ ፈገግ ብለሽልኝ አታውቂም። ወንበሩን የሠራሁት እኔ፣ ለወገብሽ እንዲመችሽ ብዬ መደገፊያውን ሦስት ጊዜ ያፈረስኩት እኔ፣ ፈገግታው ግን ለሌላ። ሰው ቢሆን ኖሮ በር ላይ ጠብቄ ልኩን አስገባው ነበር። ከእግዚአብሔር ጋር ምን ተብሎ ይጣላል? «ምን እያልሽው ነው?» ብዬ ስጠይቅሽ፣ «ምንም፣ እየሰማሁ ነው» ትዪኝ ነበር። እኔን እንደዚያ የሰማሽኝ መቼ ነው እያልኩ በሆዴ ስብሰለሰል እውል ነበር።

እናም አንድ ቀን ገበያ እንደወጣሽ መጽሐፉን አንስቼ ወርክሾፕ ወሰድኩና የመሮዎቼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሁለት ሦስት ቀን ፈልጋ ስታጣው ትተወዋለች፣ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ትጫወታለች ብዬ ነው። አንቺ አልጋ ሥር አጎንብሰሽ ስትፈልጊ እኔም አብሬሽ አጎነበስኩ። እስከዚህ ድረስ ወርጄ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ እዚያው ወንበር ላይ ነሽ። ባዶ እጅሽን ጭንሽ ላይ ዘርግተሽ፣ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። ለካ በቃልሽ ይዘሽዋል። መጽሐፉንስ ሰረቅኩ፣ ውስጥሽ ያለውን በምን እጄ ልስረቀው?

ከዚያ የባሰ አደረግኩ። እህትሽ ልትጠይቀን መጥታ፣ መጽሐፉ መጥፋቱን ሰምታ ቤት የሚገባ የሚወጣ ማን እንዳለ ስትጠይቅ፣ ልብስ አጣቢዋ ብቻ ናት አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም፤ ግን ነገሬ የት እንደሚደርስ አውቅ ነበር። እህትሽ ሴትዮዋን በር ላይ አቁማ «ሌባ» እንዳለቻት ሰምተሻል። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም። አንቺ ቀና ብለሽ አየሽኝና ወደ ጓዳ ገባሽ። ሁለት ወር ቆይተሽ፣ ልጃችን ስትወልድ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ።

መጽሐፉን ከመሳቢያው ያወጣሁት ባለፈው ወር ነው። ለንስሐ እንዳይመስልሽ። ሁለታችሁ ምን ስታወሩ እንደኖራችሁ ለማወቅ ነው። የሚስቱን ደብዳቤ እንደሚበረብር ሰው ገጽ በገጽ በረበርኩት። ፍቅር እንደማይቀና የሚናገረው ስፍራ ላይ ምልክትሽን አገኛለሁ፣ እኔን ስትከሺኝ ኖረሻል ብዬ ነበር። ስፍራው ንጹሕ ነው፤ እርሳስ አልነካውም። የተሞነጫጨረው ሌላ ቦታ ነው፤ መዝሙረኛው ለአፉ ጠባቂ እንዲቆምለት የሚለምንበት። ከጎኑ ሰባ ሁለት ትንንሽ ጭረት አለ፤ ከላይ ዓመቱን ጽፈሻል። ያን ዓመት እንዴት እረሳዋለሁ? መጋዝ እጄን ቆርጦኝ ቤት የዋልኩበት፣ ነገር ከአፌ ሬት እየሆነ የሚወጣበት ዓመት ነው። ዝም ስትዪኝ ንቃኝ ነው እል ነበር። ለካ ሰባ ሁለት ጠዋት እዚያ ወንበር ላይ ክፉ እንዳትመልሺልኝ ስትለምኚ ነበር።

ጭረቶቹን ያየሁ ዕለት ወርክሾፑን ዘግቼ አጣቢዋን ፍለጋ ወጣሁ። ከጎረቤት ጎረቤት እየጠየቅኩ፣ በመጨረሻ አንድ ሆቴል ልብስ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ አገኘኋት። ቁጭ በይ እንኳ ሳልላት መጽሐፉን የወሰድኩት እኔ መሆኔን፣ ስሟን ያጠፋሁትም እኔ መሆኔን ነገርኳት።

ካውያውን አቆመችና ቀና ብላ አየችኝ። «አውቃለሁ ጋሼ» አለች። «እትዬ ያኔውኑ በማግስቱ ቤቴ መጥተው ይቅርታ ጠይቀውኛል። ይህን ሥራም ያፈላለጉልኝ እሳቸው ናቸው።»

«ምን አለችሽ?»

«‹ማን እንደወሰደው አውቃለሁ። እስኪነግረኝ እየጠበቅኩት ነው› አሉኝ።»

ይቅርታዬን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ፣ አንሶላውን አጥፋ ስትጨርስ ሻይ ይጠጣሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጠጣሁ። ስወጣ መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ጸጸት አይደለም። ከእንግዲህ አልዋሽሽም፤ ቅናት ነው። ለእሷ የነገርሻትን ለእኔ ሳትነግሪኝ! ጸጸቱ የመጣው መንገድ ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በየማዕዱ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ጠብቀሽኛል።

ይኸው ነገርኩሽ።

መጽሐፍሽን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ወንድምሽ ያመጣልሻል። ለራሴ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ ገዝቻለሁ። ጠዋት ጠዋት እቀመጣለሁ፤ ካንቺ ወንበር ላይ ግን አይደለም፣ በርጩማ ስቤ ነው። የመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። አሁንም ልምዱ የለኝምና ጥቅሱን ሳላላምጥ እውጠዋለሁ፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሐሳቤ ዴስኮቹ ጋ ይሄዳል። ባለፈው ዓርብ ግን፣ ለትንሽ ጊዜ፣ ምንም ሳልል ዝም ብዬ ሰማሁ። ምን እንደሰማሁ አልነግርሽም። ለእኔም የራሴ ይኑረኝ።

ልጄን የወለደችበትን ቀን የሚያስመሰግን ጤና ይስጣት። ሕፃኗ ያንቺን ትዕግሥት ትውረስ፣ የእኔን ዐመል እግዜር ያርቅላት። ላንቺም የደከመ ወገብሽን ያበርታልሽ።

መልስ ጻፊልኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ሌላውን ሁሉ ብትተዪው እንኳ፣ በዚህ ሳምንት ጠዋት ጠዋት የያዝሽው ጥቅስ የትኛው እንደሆነ ብቻ ላኪልኝ። ምዕራፉና ቁጥሩ ይበቃኛል።

ባለቤትሽ፣
አናጺው